የተወጠረ ቆዳና የድሬዳዋ ፀሐይ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። ብሂሉ ስለ መቀነት የተነገረ ቢሆንም፣ የፊት ቆዳን ስቦ ስለሚያጠብቀው ቀዶ ሕክምና ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አይገኝም። ቀደም ሲል የፊልም ተዋንያን ወሬ ብቻ የነበረው ይህ ሕክምና፣ ዛሬ በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችንና ለሕክምና ባሕር ተሻግረው በሚጓዙ ሰዎች ዘንድ ይወሳል። ውይይቱ ግን ዘወትር በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንደኛው ወገን የፈጣሪን ሥራ እንደ ማፍረስ ቆጥሮ ያወግዘዋል፤ ሌላው እርጅናን የሚያስቀር ተአምር አድርጎ ያየዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከሁለቱም አይወግንም። አቋሜ አንድ ነው፦ ቀዶ ሕክምናው የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም፤ ውጤቱን የሚያጸናው ወይም የሚያፈርሰው ከዚያ በኋላ ያለው የኑሮ ልማድ፣ በተለይም ለፀሐይ የምንሰጠው ግምት ነው።

ቆዳ ላስቲክ አይደለም

ላስቲክ ተስቦ ሲለቀቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቆዳ ግን በከፊል እንደ ላስቲክ፣ በከፊል ደግሞ ቀስ ብሎ እንደሚፈስ ማር ነው። ስበን በዚያው ርዝመት ብንይዘው፣ በውስጡ ያለው ውጥረት በጊዜ ብዛት እየቀነሰ ይሄዳል። ቆዳን ብቻ ይስቡ የነበሩት የቀድሞ ዘዴዎች ውጤታቸው ቶሎ የሚላላው በዚህ ምክንያት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ሚትዝና ፔይሮኒ የተባሉ ሐኪሞች ከፊት ቆዳ በታች ያለውን ከጡንቻ ጋር የተያያዘ ጠንካራ ሽፋን በዝርዝር ከገለጹ ወዲህ፣ ሸክሙን ከቆዳው አንሥቶ በዚያ ሽፋን ላይ ማሳረፍ እየተስፋፋ መጣ። ይህም ሆኖ የታደሰው ፊት ከዚያው ቀን ጀምሮ እንደገና ያረጃል። ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመለሰ እንጂ አልቆመም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፊት ያብጣል፣ ይበልዛል፤ የእብጠቱና የብልዘቱ ዋናው ክፍል በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። ሐኪሞች «ራስህን ከፍ አድርገህ ተኛ» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ጭንቅላት ከልብ በ30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል፣ በፊት የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት በ23 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይቀንሳል። ይህን የአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ከፈሳሽ ጥግግት፣ ከስበትና ከቁመት አባዝቶ ሊያገኘው ይችላል።

በዚህ ሕክምና ከሚከሰቱት ችግሮች ቀዳሚው ከቆዳ በታች ደም መቋጠር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው። ከፍተኛ የደም ግፊት ደግሞ ያባብሰዋል። ለድሬዳዋ ነዋሪ ይህ ነጥብ የተለየ ትርጉም አለው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ እንቅልፍንም ይነሣል። ስለዚህ ጫት የሚቅም ሰው ይህን ልማዱን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪሙ ሊያስረዳ ይገባዋል፤ የውጭ አገሩ ሐኪም ስለ በርጫ ላያውቅ ይችላልና። ሲጋራም እንዲሁ ነው። ኒኮቲን ጥቃቅን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ፣ የተነሣው ቆዳ ደም አጥቶ እስከ መሞት ሊያደርሰው ይችላል።

ቁስሉ የተገጠመ ይምሰል እንጂ ብርታቱ የሚመለሰው በዝግታ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ የጤናማ ቆዳን ብርታት ከ100 እጅ 3 ያህሉን፣ በሦስተኛው ሳምንት 20 ያህሉን፣ በሦስተኛው ወር 80 ያህሉን ያገኛል፤ ሙሉ በሙሉ ግን ወደ ቀድሞው አይመለስም። በሁለተኛው ሳምንት አውሮፕላን ተሳፍሮ አገሩ የሚገባ ሰው ገና ደካማ የሆነ ስፌት ይዞ ነው የሚገባው። እንደ እኛ ባለ ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ያበጠ ጠባሳና የቆዳ መጥቆር በብዛት ስለሚታይ፣ በአገር ውስጥ የሚከታተል ሐኪም አስቀድሞ ማግኘት ከቲኬቱ በፊት የሚታሰብ ጉዳይ ነው።

ዋናው ተፈታታኝ

ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ገደማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። በየ1000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረር ከ100 እጅ 10 ያህል መጨመሩን ስናክልበት፣ ከተማችን የምትቀበለው መጠን ከባድ መሆኑ ግልጽ ነው።

«ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይነካውም» የሚለው አባባል እውነትም ስሕተትም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የጥቁር ቆዳ የላይኛው ሽፋን ቆዳን ከሚያቃጥለው አጭር ሞገድ ከ100 እጅ 7 ያህሉን ብቻ ሲያሳልፍ፣ ጠልቆ ከሚገባው ረጅሙ ሞገድ ግን 17 ያህሉን ያሳልፋል። ኮላጅንንና ኢላስቲንን ቀስ በቀስ የሚያፈርሰው በዋናነት ይህ ረጅሙ ሞገድ ነው። መስታወትም አያቆመውም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት የታተመ ፎቶግራፍ ለ28 ዓመታት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ፊት ያሳያል፤ በመስኮቱ በኩል የነበረው ግራ ጉንጩ ከቀኙ እጅግ ያረጀ ነው። የጅቡቲን መንገድ የሚያመላልሱ አሽከርካሪዎቻችንም መስኮታቸው በግራ ነው።

መልካሙ ዜና ይህ ጉዳት የሚገታ መሆኑ ነው። በአውስትራሊያ፣ ናምቡር በተባለች ከተማ 903 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየቀኑ የተቀቡት ሰዎች ቆዳ ከሌሎቹ በ24 በመቶ ያነሰ የእርጅና ምልክት እንዳሳየ አረጋግጧል። ቢላዋ ሳይነካቸው ማለት ነው። ስለሆነም ገንዘቡን ለቀዶ ሕክምና አውጥቶ ባርኔጣን የሚንቅ ሰው፣ ቤቱን ቀለም ቀብቶ ጣሪያውን ክፍት እንደ ተወ ሰው ይቆጠራል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የሚያቀሉ ክሬሞችን መቀባት ነው። ከእነዚህ መካከል ክሎቤታሶልን የመሰሉ ኃይለኛ ስቴሮይዶች ያሉባቸው አሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፤ በቀዶ ሕክምና የተገኘውን ውጤት በገዛ እጅ ማፍረስ ይህ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ 10 ሰዓት ድረስ ከፀሐይ መሸሸግ ነው። መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጥላችን ከቁመታችን ሲያጥር ጨረሩ ብርቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥላ የግል ብቻ ሳይሆን የከተማ ሀብትም ነው። በከዚራ ጎዳናዎች ግራና ቀኝ የቆሙት ዛፎች ለቆዳችን ያላቸውን ዋጋ ማንም አስልቶ አያውቅም። በቀፊራ ገበያ ሙሉ ቀን ተቀምጣ የምትሸጥ እናት ኢስታንቡል ሄዳ ፊቷን አታስነሣም፤ የሚያስፈልጋት ዳስና ዛፍ ነው። እርግጥ ነው፣ አጭር ሞገድ በአየር ውስጥ ይበልጥ ስለሚበተን ከሰማዩ የሚመጣው ጨረር ጥላ ሥርም ይደርሳል። በመሆኑም ጥላው ሰፊና ጥቅጥቅ ያለ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ ለዶክትሬት ጥናት በውጭ አገር በቆየሁባቸው ዓመታት የአየር ጠባይ ዘገባ ከሙቀቱ ቀጥሎ የአልትራቫዮሌቱን መጠን ይናገር ነበር። ፀሐያቸው ደካማ የሆነች ሰዎች ይህን ካደረጉ፣ እኛ በሬዲዮ ብናስነግር ምን ይጎድልብናል?

አራተኛው ለተማሪዎቻችን የቤት ሥራ ይሁን። የሶማሌ እናቶች ከቁርቁራ ዓይነት ዛፍ ቅጠል የሚያዘጋጁትን ቃሲል ፊታቸውን ይቀባሉ። ይህ ልባስ ምን ያህል ጨረር ያስቀራል? ነጠላስ? ሻሽስ? አንድ ስፔክትሮፎቶሜትርና አንድ ትጉህ ተማሪ ካሉ መልሱ የጥቂት ሳምንታት ሥራ ነው።

ፊቱን በቀዶ ሕክምና ማደስ የሚሻ ሰው ምርጫው የራሱ ነው፤ ሊነቀፍም አይገባም። ከሐኪሙ ዘንድ ሲወጣ ግን ያችው ፀሐይ በር ላይ ቆማ እንደምትጠብቀው አይዘንጋ።