ሜዳው የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1972 በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ተማሪዎችና ተመራማሪዎች በአንድ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ተሰብስበው «ስፔስዋር» በተባለ ጨዋታ ተፋለሙ። ሽልማቱ የአንድ መጽሔት የዓመት ደንበኝነት ነበር። ከ42 ዓመታት በኋላ፣ ለእግር ኳስ የዓለም ዋንጫ በተሠራው የሴኡል ስታዲየም፣ 40 ሺህ ያህል ሰው የ«ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ»ን የፍጻሜ ግጥሚያ ለመመልከት ታደመ። «ፌከር» በሚል ስም የሚታወቀው ደቡብ ኮሪያዊ ሊ ሳንግ ሂዮክ ይህንኑ የዓለም ሻምፒዮና ስድስት ጊዜ አሸንፏል። በ2023 በሃንግዦው የእስያ ጨዋታዎች ወርቅ ያጠለቁት የአገሩ ተጫዋቾችም እንደ ሌሎች ባለድሎች ከመደበኛው የውትድርና ግዴታ ነጻ የመሆን መብት አግኝተዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ በየቤቱ የሚነሣው ጥያቄ አልተለወጠም። በዋሽንግተንም ሆነ በሽቱትጋርት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ በእኩለ ሌሊት የልጁን በር አንኳኩቶ «ይህ ደግሞ ስፖርት ተብሎ ነው?» ይላል። ስጋቱ መሠረት አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከቁጥጥር የወጣ የጨዋታ ልማድን በበሽታዎች መዝገቡ አስፍሯል። ስፖርት ነው አይደለም የሚለው ክርክር ግን ጊዜው አልፎበታል። ስታዲየሙ ሞልቷልና። የሚበልጠው ጥያቄ ልጁ የሚሮጥበት ሜዳ የማን ነው የሚለው ነው።

እግር ኳስ ባለቤት የለውም። ፊፋ ውድድሩን ይሸጣል እንጂ ጨዋታውን አይሸጥም፤ ጨርቅ ጠቅልሎ ኳስ የሚሠራ የሰፈር ልጅ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ የሚሰለፉበት የገና ጨዋታም እንዲሁ ነው፤ ዱላ የቆረጠ ሁሉ ይገባበታል። የቪዲዮ ጨዋታ ግን ከሕጉ እስከ ሜዳው ሣር ድረስ የአንድ ኩባንያ ንብረት ነው። ኩባንያው ሕጉን በአንድ ሌሊት ይለውጣል፣ ውድድር ማን እንደሚያዘጋጅ ይወስናል፣ አላዋጣ ሲለውም ይዘጋል። በዚህ ረገድ የኢ-ስፖርት ተጫዋች ከእግር ኳሰኛው ይልቅ ለጭሰኛው ይቀርባል፤ ላቡ የራሱ፣ መሬቱ የባለርስቱ።

የ«ዶታ 2» ታላቅ ውድድር የሆነው «ዘ ኢንተርናሽናል» ለዚህ ዋነኛ ምስክር ነው። በ2011 በጀርመን ኮሎኝ ሲጀመር ጠቅላላ ሽልማቱ 1.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ያኔ ይህም ብዙዎችን አስደንቋል። በ2021 ቡካሬስት ላይ 40 ሚሊዮን ደረሰ። ገንዘቡ ከሰማይ አልወረደም። የጨዋታው ባለቤት ቫልቭ በየዓመቱ ለተመልካቾች ልዩ ጥቅል እየሸጠ ከገቢው ሩቡን ለሽልማት ያውል ነበር፤ ሦስቱ እጅ የሚቀረው ለራሱ ነው። በ2023 ኩባንያው የሚሸጠውን ጥቅል እጅግ አሳነሰ። ሽልማቱም ወደ ሦስት ሚሊዮን ገደማ አሽቆለቆለ። ተጫዋቹ አልሰነፈም፣ ጨዋታውም አልተረሳም፤ የተለወጠው የባለቤቱ ሐሳብ ብቻ ነበር።

የ«ሂሮስ ኦፍ ዘ ስቶርም» ተጫዋቾች ዕጣ የባሰ ሆነ። በታኅሣሥ 2018 ብሊዛርድ ውድድሩ በቀጣዩ ዓመት እንደማይኖር በአንድ መግለጫ አስታወቀ። ኑሯቸውን በእሱ ላይ የመሠረቱ ተጫዋቾች ወሬውን የሰሙት ከሕዝቡ ጋር ነበር።

ኩባንያው ንብረቱን እንዳሻው ቢያደርግ ምን ያስወቅሰዋል የሚል አይጠፋም። አያስወቅሰውም፤ የሚያስወቅሰው የግል ንብረትን የሕዝብ ስፖርት እያሉ ታዳጊዎችን መመልመሉ ነው። መንግሥታትና ታላላቅ ተቋማት ሲገቡበትም ነገሩ አልጸናም። ሪያድ በ2024 ባዘጋጀችው የኢ-ስፖርት ዓለም ዋንጫ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸለመች። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ከሳዑዲ ዐረቢያ ጋር ለ12 ዓመታት የሚዘልቅ የኦሊምፒክ ኢ-ስፖርት ስምምነት ማድረጉን አበሰረ። ስምምነቱ አንድም ውድድር ሳይካሄድበት በ2025 ፈረሰ።

የሜዳው ባለቤት ሜዳው የት እንደሚተከልም ይወስናል። እዚህ ላይ ጉዳዩ የፊዚክስ ይሆናል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጨዋታውን የሚያስተናብረው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ፍራንክፈርት ከሆነ፣ የአንድ ትእዛዝ ደርሶ መልስ ቢያንስ 53 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ የባሕር በር የሌላት አገር መስመር በጎረቤት አገር አቋርጦ፣ ባሕር ወርዶ፣ ዞሮ ነው የሚደርሰው። በየመገናኛው መዘግየት ይጨመርበታል። የሰው ዓይን አይቶ ጣት እስኪንቀሳቀስ ሁለት መቶ ሚሊ ሰከንድ ገደማ በሚፈጅበት ውድድር ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ፍራንክፈርት ያለው የአክስት ልጅ ሲተኩስ አዲስ አበባ ያለው ገና ጠላቱን አላየም።

ይህን ተሰጥኦም ልምምድም አይፈውሰውም። መድኃኒቱ በቅርብ የተተከለ ሰርቨር ነው፤ ኩባንያዎች ለአፍሪካ ሲተክሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ደቡብ አፍሪካን ነው፤ እሷም ከአዲስ አበባ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

እንግዲህ ከሕዝብ ካዝና ለውድድር የሚከፍል መንግሥት፣ ስሙን የሚያውስ የኦሊምፒክ ተቋምም ጭምር፣ ከፊርማው በፊት ባለቤቱን ሊያስገድደው ይገባል፤ የሽልማቱ ደንብና የውድድሩ ዘመን ቢያንስ ከሁለት ዓመት አስቀድሞ ይታወቅ፣ ውድድሩ ሲዘጋ ለተጫዋቾች ማስጠንቀቂያና ካሳ ይሰጥ። በሩን የሚያንኳኳው ወላጅም ልጁ ውል ቀርቦለት ከሆነ የሽልማቱን መጠን ትቶ መጀመሪያ የሚያነበው አንቀጽ ይህ ነው፦ ጨዋታው ቢዘጋ ልጁ ምን ያገኛል?