ጉድጓዱ ሲሰፋ ወረቀቱም ይስፋ

ከሞጆ እስከ አዳማ፣ ከመቂ እስከ አርሲ ነጌሌ በተዘረጋው የስምጥ ሸለቆ መስመር ምድር ራሷ ሸቀጥ ከሆነች ቆይታለች። ለመንገድ የሚደለደለው ገረጋንቲ፣ ለኮንክሪት የሚፈጨው ጠጠር፣ ለብሎኬትና ለሲሚንቶ የሚገባው ፑሚስ፣ ለሳሙናና ለብርጭቆ የሚፈለገው ሶዳ አሽ፣ ሁሉም እሳተ ገሞራ ካለፈበት ከዚሁ ምድር የሚወጡ ናቸው። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2006 ዓ.ም. ከተከፈተ፣ ቀጥሎም የጅቡቲው ባቡር ከመጣ ወዲህ አዳማ የጭነቱም የግንባታውም መገናኛ ሆናለች። ድንጋይ ሲፈለግ ደግሞ አዲስ ካባ ከመክፈት ይልቅ የተከፈተውን ማስፋት ይቀላል። መንገዱ ተጠርጓል፣ ክሬሸሩ ተተክሏል፣ ደንበኛውም ይታወቃል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በገበያው ውስጥ «ፈቃድ አለው» የምትል ቃል ብዙ ታሻሽጣለች። ካባ ሲከራይ፣ ክሬሸር ሲሸጥ፣ ሽርክና ሲገባ ደላላው ወረቀቱን ያሳያል፤ ገዢውም ማኅተሙን አይቶ ይረካል። ለመሆኑ ፈቃዱ የተሰጠው ለየትኛው ጉድጓድ ነው? ለስንት ሄክታር? በዓመት ስንት ሜትር ኩብ ለማውጣት? የዛሬ አሥር ዓመት ለአንዲት ጥግ የተሰጠ ወረቀት ዛሬ ኮረብታውን ለሚበላ ሎደር መሸፈኛ ሊሆን አይችልም። ይህን ልዩነት የማይጠይቅ ባለሀብት የሚገዛው ካባ ሳይሆን ክስ ሊሆን ይችላል።

አዋጁ ምን አለ?

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 በዚህ ረገድ ግልጽ ነበር። አዋጁ «ፕሮጀክት» የሚለውን ቃል ሲተረጉም ሦስት ነገሮችን በአንድ አጠቃልሏል። አንደኛው አዲስ ሥራ ነው። ሁለተኛው ነባር ሥራን በከፍተኛ ደረጃ ማስፋፋት ወይም መለወጥ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ተቋርጦ የነበረን ሥራ እንደገና መጀመር ነው። በአዳማና በሞጆ ዙሪያ ቆሞ የከረመ ካባ ገዝቶ «ሞተሩን አስነስቶ» ሥራ ለመቀጠል የሚያስብ ነጋዴ ሦስተኛውን ልብ ሊለው ይገባል።

ይኸው አዋጅ ፈቃድ ሰጪውንም መሥሪያ ቤት አሥሯል። የኢንቨስትመንት ወይም የሥራ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የአካባቢ ጥበቃው አካል ፕሮጀክቱን መፍቀዱን እንዲያረጋግጥ አዝዟል። ከሁሉ በላይ ነጋዴው የሚዘነጋው አንድ ነጥብ አለ። የጥናት ሪፖርቱ መጽደቅ ባለፕሮጀክቱን ከሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊነት ነጻ አያወጣውም። ማኅተም ተመታ ማለት ዕዳ ተሰረዘ ማለት አይደለም።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678ም ባህላዊ አምራቾችን ከመሰሉ ጥቂቶች በስተቀር ፈቃድ ጠያቂው የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት እንዲያቀርብ ግዴታ ጥሏል። የተቆፈረውን መልሶ ለማልማት የሚሆን ገንዘብም እንዲመደብ አዝዟል። ይህ ገንዘብ በካባ ሽያጭ ድርድር ላይ ሲነሳ እምብዛም አይሰማም። ነገር ግን ሻጩ ሳይመድበው የሄደ ገንዘብ የገዢው ዕዳ ሆኖ መምጣቱ አይቀርም።

ሐይቁ ራሱ ጥሬ ዕቃ ሲሆን

ማስፋፋትን በወጉ ሳይመዝኑ መነሳት ምን እንደሚያስከትል ለማየት የስምጥ ሸለቆው ባለሀብት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አብያታ ቅርብ ነው። በደርግ ዘመን የተጀመረው የአብያታ–ሻላ ሶዳ አሽ ፋብሪካ የሐይቁን ጨዋማ ውኃ በፓምፕ እየሳበ፣ በማትነኛ ገንዳዎች እያደረቀ፣ በዓመት 20,000 ቶን ገደማ እንዲያመርት በሙከራ ደረጃ ታቅዶ የቆመ ነው። የሙከራው ትርጉም ግልጽ ነበር፤ ከተሳካ ይሰፋል የሚል ነው።

ይሁንና አብያታ ጥልቀት የሌለውና መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። የሚኖረው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ ደግሞ በሆራ ቀሎ በሚወርድለት ውኃ ነው። በዝዋይ ዙሪያ መስኖ በተስፋፋ ቁጥር በቡልቡላ የሚወርደው ቀነሰ። ፋብሪካው ከታች ይስባል፣ መስኖው ከላይ ይይዛል፣ ድርቁም ድርሻውን ይወስዳል። በ1960ዎቹ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረው ሐይቅ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ስፋቱን አጥቷል። የሐይቁ ጨው ሲበረታ ዓሣው ጠፋ። በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ እየሠሩ ለምግብ ወደ አብያታ ይበሩ የነበሩት ፔሊካኖችም ማዕዳቸው ተነሳ።

እዚህ ላይ አንዳንዱ ነጋዴ «ወፍና ዓሣ የፓርኩ ጉዳይ ነው» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን ከወፍ ያልፋል። የሶዳ አሽ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃው ሐይቁ ነው። ሐይቁ ሲሸሽ ፋብሪካው መጋዘኑ እየተዘረፈ ያለ ነጋዴ ሆነ ማለት ነው። ዘራፊዎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፈቃድ የያዙ ሕጋዊ የውኃ ተጠቃሚዎች ናቸው። እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ አንድ ላይ ሲደመር ግን ሐይቅ ይጠጣል። የማስፋፊያ ጥናት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው። «የእኔ ፓምፕ ስንት ይስባል?» ብቻ ሳይሆን «ከእኔ በላይ ያለው ስንት ይይዛል? ለእኔስ ምን ይተርፈኛል?» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ጥናት የአካባቢ ጥበቃ ብቻ አይደለም፤ የአክሲዮን ገዢው የዕቃ ቆጠራም ነው።

ለገደንቢ ያስተማረው

ሁለተኛው ትምህርት የሚገኘው ከስምጥ ሸለቆው ወጣ ብሎ፣ በዚያው በኦሮሚያ፣ በጉጂ ከሚገኘው ከለገደንቢ ነው። ይህ ከላይ ወደ ታች እየተገፈፈ የሚቆፈር የወርቅ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ተሸጦ የ20 ዓመት ፈቃድ ተሰጠው። ዘመኑ ሲያበቃ ፈቃዱ ለተጨማሪ 10 ዓመታት መታደሱ ሲሰማ የአካባቢው ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ከማዕድኑ የሚወጣው ኬሚካል ሰውንና ከብትን ይጎዳል፣ ሕፃናት አካላቸው ጎድሎ ይወለዳሉ የሚል ብርቱ አቤቱታ ቀረበ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. የማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደ። ጥናት የተጠናው ከእገዳው በኋላ ሲሆን፣ ኩባንያው ወደ ሥራ የተመለሰው በ2013 ዓ.ም. ነው።

ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን ለባለሙያዎቹ እንተወውና በነጋዴ ዓይን እንየው። ለሦስት ዓመት ያህል ወርቁ አልወጣም፣ ማሽኑ ቆመ፣ ሠራተኛው ተበተነ፣ አገሪቱም የውጭ ምንዛሪ አጣች። የጥናት ወጪ የበዛበት ካለ ሦስት ዓመት የቆመ ማዕድን ስንት እንደሚያስከፍል ያስላ። ወላጅ የልጁን ጤና በሚመለከት ለጠየቀው ጥያቄ መልስ መፈለግ የነበረበት ፈቃዱ ሲታደስ እንጂ በሩ ከተዘጋ በኋላ አልነበረም። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው።

ይህ ነገር ለአዳማና ለአካባቢዋ በተለይ ይመለከታል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በተፈጥሮው ፍሎራይድ ይበዛበታል። የወንጂ ነዋሪዎች ጥርስና አጥንት ለዚህ የቆየ ምስክር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚመክረው ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳይበልጥ ሲሆን፣ በወንጂ ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ የተለካባቸው ጉድጓዶች ነበሩ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ምድር ካባውን የሚያሰፋ ባለሀብት ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጎረቤቶቹን የውኃ ጉድጓድ ካላስለካ፣ ነገ ተፈጥሮ ያደረገችውም በእሱ ስም ይጻፋል። በአንጻሩ እሱ ያበላሸውን «ድሮም እንዲህ ነበር» ብሎ ቢከራከር የሚያምነው አያገኝም። የመነሻ ልኬት ለሁለቱም ወገን ዳኛ ነው። አዳማ በኮረብታ የተከበበች፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ የሚፈታተናት ከተማ በመሆኗም ኮረብታ የሚቆርጥ ሁሉ ጎርፉን ወዴት እንደሚመልሰው አስቀድሞ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

የውጭው ገበያ ምን ያህል ያስከፍላል?

የውጭ ሸሪክ የሚፈልጉ ባለሀብቶችም የሌላውን አገር ሚዛን ቢያውቁ ይጠቀማሉ። የሕንዱ ታታ ኬሚካልስ ከታንዛንያ መንግሥት ድርጅት ጋር በናትሮን ሐይቅ ላይ በዓመት 500,000 ቶን ሶዳ አሽ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቆም አቅዶ ነበር። ናትሮን የትንሹ ፍላሚንጎ ዋና መራቢያ ነው። የቀረበው የተፅዕኖ ጥናት ይህን በበቂ አልመለሰም የሚል ተቃውሞ ከየአቅጣጫው በረታና እ.ኤ.አ. በ2008 ኩባንያው ራሱን አገለለ። ታታ በወቅቱ በኬንያው ማጋዲ ሐይቅ ሶዳ ያመርት የነበረ፣ ሥራውን የሚያውቅ ኩባንያ ነው። እውቀትና ካፒታል ያለውን የሚያስቆም ጉዳይ ካፒታል የሚለምነውን አያልፈውም።

ሕንድ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ጠንክሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የአገሪቱ ደንብ ማዕድን የሚያሰፋ ሁሉ አስቀድሞ የአካባቢ ፈቃድ እንዲያገኝ ያስገድዳል። በኦዲሻ ግዛት ከተፈቀደላቸው መጠን በላይ የብረትና የማንጋኒዝ ማዕድን ሲቆፍሩ የነበሩ ኩባንያዎች ጉዳይ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀርቦ እ.ኤ.አ. በ2017 ውሳኔ አገኘ። ፍርድ ቤቱ ከፈቃዱ ውጭ የወጣውን ማዕድን ሙሉ ዋጋ፣ መቶ በመቶ እንዲከፍሉ አዘዘ። ትርፉን ብቻ ሳይሆን የሽያጩን ዋጋ በሙሉ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የእኛ የ1995ቱ አዋጅ ቅጣት ሲነጻጸር ያስተክዛል። ያለ ፈቃድ የጀመረ ወይም በጥናቱ ውስጥ ሐሰት ያቀረበ ሰው ከ50,000 እስከ 100,000 ብር እንዲቀጣ ይደነግጋል። ይህ ገንዘብ በዛሬ ገበያ የአንድ ሲኖትራክ ሙሉ ጎማ ለመቀየር አይበቃም። ቅጣቱ ከጥናቱ ዋጋ ሲያንስ ነጋዴው ቅጣቱን እንደ አንድ የወጪ አርእስት ይይዘዋል። ቅጣቱ አነሰ ብሎ የተዝናና ግን በለገደንቢ የታየውን ይርሳ እንጂ ሕዝቡ አይረሳም። ሕጉ ሳይቀጣ መንገድ የዘጋ መንደር ይቀጣል።

የነጋዴው ቅሬታ

ባለሀብቱ የሚያነሳውም ቅሬታ መሠረት የለሽ አይደለም። ጥናት ይዘገያል፣ አማካሪው ከሌላ ፕሮጀክት ገልብጦ ስሙን ብቻ ይቀይራል፣ ወረቀቱን የሚመረምር ባለሙያ አይገኝም ይላል። አዋጁ መርማሪው አካል በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲወስን ደንግጎ ነበር። ቀኑን የማይጠብቅ መሥሪያ ቤት ነጋዴውን ወደ አቋራጭ ይገፋዋል። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የመመርመር ሥልጣኑን የማዕድኑን ጨምሮ ለየዘርፉ ሚኒስቴር በውክልና ሰጥቶ ነበር። ያኔ ፈቃድ የሚሰጠውም ጥናቱን የሚመዝነውም አንድ ሆነ። ሻጩ ሚዛኑንም ይዞ ሲቆም ገዢው ምን ያህል እንደሚታመን የገበያ ሰው አይጠፋውም። በእንዲህ ያለ ሚዛን የጸደቀ ወረቀት ለጊዜው ቢያስደስትም ተቃውሞ በተነሳ ቀን አይከላከልም።

ስለዚህ የመፍትሔው ግማሽ የመንግሥት፣ ግማሹ የነጋዴው ነው። መንግሥት መርማሪውን ከፈቃድ ሰጪው ይለይ፣ ቀኑን ያክብር፣ ቅጣቱን ከሚገኘው ጥቅም ጋር ያመጣጥን። ነጋዴው በበኩሉ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ጥቂት ነገሮችን ይጠይቅ። የጸደቀው ጥናት የትኛውን ስፋትና መጠን ይሸፍናል? ለማስፋፊያው የተለየ ፈቃድ ተገኝቷል? የውኃና የአቧራ የመነሻ ልኬት የት ነው? የመልሶ ማልማቱ ገንዘብ በማን እጅ ይገኛል? ጎረቤት ገበሬዎች ሰምተዋል? ቃላቸውስ በቃለ ጉባዔ ሰፍሯል? ደላላውም ቢሆን እነዚህን ወረቀቶች በአቃፊ አዘጋጅቶ ቢመጣ ኮሚሽኑን በልበ ሙሉነት ይጠይቃል። ብድር የሚፈቅድ ባንክም ከካርታና ከሊብሬ እኩል ሊጠይቃቸው ይገባል።

እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያላቸው ካባ ዋጋው ቢወደድም ይገዛል። መልስ የሌለው ግን በነጻ ቢሰጥም ውድ ነው።