ንጉሡ የሸለሙት ሰዓት

ከአዲስ አበባ ቶሮንቶ የገባ ሻንጣ ሲፈታ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው መካከል አንዳንዴ በካልሲ የተጠቀለለ አሮጌ የእጅ ሰዓት ይወጣል። ማሰሪያው ደርቋል፣ መስታወቱ ተጭሯል። አብሮት ደግሞ ታሪክ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የምሰማው ታሪክ አንድ ዓይነት ነው፦ «ንጉሡ የሸለሙት ነው።»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ሰዓት የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር። አጎቴ ካረፉ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ልጆቻቸው ሰዓቷን ሸጠው ለእናታቸው፣ እኔ እትዬ ለምላቸው፣ የአዲስ አበባ ትኬት ሊገዙባት አስበዋል። ታላቁ ልጅ «የንጉሥ ስጦታ ከሆነች ብዙ ሺህ ዶላር ታወጣለች» ይላል። ታናሽቱ ደግሞ የአባቷ ዕቃ ገበያ እንዲወጣ አትፈልግም። ምርመራው ለእኔ ተሰጠ፤ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ሁሉን ያውቃል የሚል እምነት በቤተሰባችን አለ።

ሰዓቷ በቀኝ ጎኗ፣ ከመሙያዋ በላይና በታች፣ ሁለት ቁልፎች አሏት። ፊቷ ላይ ደግሞ ሁለት ትናንሽ ክቦች ይታያሉ። እንዲህ ያለው ሰዓት ክሮኖግራፍ ይባላል፤ ተራ ሰዓትና የሩጫ ሰዓት በአንድ ማሽን ማለት ነው። ቁልፉን ሲጫኑ ረጅሙ የሰከንድ ቆጣሪ ይነሳል፣ አንደኛው ትንሽ ክብ ደቂቃውን እስከ 30 ይይዛል። የአበበ ቢቂላን የሮም ማራቶን፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በእሷ ልንለካ ብንሞክር የደቂቃዋ ቆጣሪ አራት ጊዜ ዞራ አምስተኛው ዙር ላይ በሆነች ነበር። ለዚህ ሦስተኛ ክብ፣ ማለትም የሰዓት ቆጣሪ ያላቸው ክሮኖግራፎች ይሻላሉ። ዳር ዳሩን የተጻፉት ቁጥሮች ደግሞ ፍጥነት መለኪያ ናቸው። በ401 አውራ ጎዳና አንዱን ኪሎ ሜትር በ36 ሰከንድ ካለፉ ቆጣሪው 100 ላይ ይቆማል።

ያጎቴ ልጅ «ተበላሽታለች» ብሎ ነበር የሰጠኝ፤ የላይኛው ቁልፍ ያስነሳል እንጂ አያቆምም። ለእኔ ግን የመጀመሪያው ፍንጭ ይኸው ሆነ። በአብዛኞቹ ክሮኖግራፎች የላይኛው ቁልፍ ያስነሳል፣ ያቆማል፤ የታችኛው ወደ ዜሮ ይመልሳል። ላንደሮን የተባለው የስዊዘርላንድ ፋብሪካ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጣው 48 ቁጥር ማሽን ግን የላይኛው ማስነሳት ብቻ ነው ሥራው፤ የታችኛው መጀመሪያ ያቆማል፣ ሲደገም ይመልሳል። የታችኛውን ተጫንኩ፣ ቆመች። እንደገና ተጫንኩ፣ ቆጣሪው 12 ላይ ተመልሶ ቀጥ አለ። ሳትበላሽ ስንት ዓመት በብልሽት ስትታማ ኖራለች!

ፊቷ ላይ የተጻፈውን ስም ፈልጌ ያገኘሁት እምብዛም ነው። ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። በዚያ ዘመን ብዙ የሰዓት ድርጅቶች ማሽኑን ራሳቸው አይሠሩም፤ ከላንደሮን፣ ከቫልዡ ወይም ከቬኑስ ገዝተው በራሳቸው ቤት ውስጥ ከትተው ስማቸውን ይጽፉበታል። አንዳንዴም የሚጻፈው የሻጩ መደብር ስም ነው። ስለዚህ አሮጌ ክሮኖግራፍ ሲመረመር ከፊቱ ስም ይልቅ የሆዱ ቁጥር ይበልጣል፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ወዲያ ወዲህ ከሚለው ሚዛን ጎማ ሥር ተቀርጾ ይገኛል።

ጀርባዋን ቤት ውስጥ በቢላዋ ለመክፈት አልሞከርኩም፤ እርስዎም አይሞክሩ። ወደ ሰዓት ሠሪ ወሰድኳት። ሰውየው ክዳኑን አንስቶ በአጉሊ መነጽር አሳየኝ፦ ላንደሮን 48። የክዳኑ ውስጥ ጽሑፍም ጀርባዋ የማይዝግ ብረት፣ አካሏ 20 ማይክሮን ወርቅ የተለበጠ መሆኑን ይናገራል። ሃያ ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሃምሳኛ ነው። የወርቅ ሰዓት ናት የሚለው ወሬ እዚህ ላይ አበቃ።

ቀጥሎ ዕድሜዋ። ከፊቷ ግርጌ፣ የስዊዘርላንድ ሥራ መሆኗን ከሚገልጹት ቃላት ግራና ቀኝ፣ ቲ የምትባለው የላቲን ፊደል አለች። ትሪቲየም ማለት ናት። በድሮ ጊዜ ቁጥሮቹ በጨለማ እንዲያበሩ የሚቀቡት በራዲየም ነበር፤ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በኋላ ግን አደጋው ያነሰው ትሪቲየም ቦታውን ያዘ፤ ምልክቱም ያን ጊዜ መጣ።

ልጆች ያሉበት ቤት እዚህ ላይ ልብ ይበል። ራዲየም ግማሹ ለመጥፋት 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። የአያትዎ ሰዓት በጨለማ ማብራቱን ስላቆመ ራዲየሙ አልቋል ማለት አይደለም፤ ያለቀው አብሮት የተቀላቀለው አንጸባራቂ ዱቄት ነው። ብናኙ ወደ ሳንባ ወይም ወደ አፍ መግባት የለበትም። ስለዚህ ቲ የሌለበትን፣ ቁጥሮቹ በቡናማ ቀለም የተሞሉ አሮጌ ሰዓት ልጆች እንዲፈታቱት አይስጡ፣ ቀለሙንም አይፋቁ። ትሪቲየም ግን በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ የአጎቴ ሰዓት ላይ የቀረው ጥቂት ነው።

ወደ ጉዳያችን ስንመለስ፣ በቤተሰቡ ታሪክ አጎቴ ሰዓቷን የተሸለሙት በ1950 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ሲመረቁ ነው። ይህ በፈረንጆቹ 1958 ነው፤ ቲዋ ከዚያ በኋላ የመጣች ምልክት ናት። እርግጥ ፊቷ በኋላ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ፍንጭ ብቻውን አይፈርድም። ነገር ግን ሌላም ጉድለት አለ፤ ሰዓቷ ላይ ምንም የስጦታ ጽሑፍ የለም።

ስጦታ ሰዓት ዝም ብሎ አይሰጥም። እዚሁ ቶሮንቶ የኢተን መደብር 25 ዓመት ላገለገሉት ሠራተኞቹ የሮሌክስ ሰዓት ይሸልም ነበር፤ ፊቱ ላይ በ12ቱ ቁጥሮች ቦታ «የሩብ ምዕተ ዓመት ክበብ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ፊደል በፊደል ተደርድሮበታል። የእኛም ንጉሠ ነገሥት ሰዓት ይሸልሙ እንደነበር እውነት ነው፤ ዘውዳቸው ወይም ስማቸው ያረፈባቸው ሰዓቶች ዛሬም በጨረታ ይታያሉ። የራሳቸው የሆነችው የፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት በ2015 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ልትቀርብ ስትል የባለቤትነት ጥያቄ ተነስቶ ተመለሰች፤ በ2017 ከ2.8 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠች። ያጎቴ ልጅ ያነበበው ይህን ዋጋ ነው። እኔ ያነበብኩለት ደግሞ ሌላውን፦ በ2021 ጄኔቫ ውስጥ ከ3 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ የወጣበት አንድ አሮጌ የኦሜጋ ክሮኖግራፍ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከተለያዩ ዕቃዎች የተገጣጠመ ሆኖ መገኘቱን ራሱ ኦሜጋ አስታወቀ። ሚሊዮኖች የከፈለ ሰው እንዲህ ከተታለለ፣ ያለ ማስረጃ «የንጉሥ ስጦታ» ብለን ለአንድ የማናውቀው ሰው ብንሸጥ ምን ልንባል ነው? ያጎቴ ልጅ ዝም አለ።

ሰዓት ሠሪው ክዳኑን ሊዘጋ ሲል ጭረት አየሁ። ሰዓት አዳሾች ሥራቸውን ሲጨርሱ በክዳኑ ውስጥ በመርፌ ምልክት መጫር የቆየ ልማዳቸው ነው። ብዙውን ጊዜ ለሌላ ሰው የማይነበብ ነው። ይሄ ግን ይነበባል፦ «ጥር ፷፮»። ሰውየው የጥበብ ጌጥ መስሎት ነበር፤ ቁጥር መሆኑን ስነግረው ፎቶ አነሳው። ጥር 1966 ዓ.ም.፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ሳምንታት ሲቀሩት፣ አንድ ስሙን የማናውቀው አበሻ ሰዓት ሠሪ ይህችን ማሽን ፈትቶ ዘይት ቀብቶ ገጥሟታል።

ፎቶውን ይዤ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። እስካሁን ማንም እሳቸውን አልጠየቀም ነበር! መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ይሄማ ውሃ የገባት ጊዜ ነው» አሉ። «ልጆቹን ወንዝ ወስዶ ሲያሯሩጥ አረጠባት። ፒያሳ ነው ያሠራት።»

«ንጉሡ የሸለሟቸው አይደለም እንዴ፣ እትዬ?»

«ከንጉሡ እጅ የተቀበለው ወረቀቱን ነው፣ የኔ ልጅ። ሰዓቷን የገዛነው በ60 ዓ.ም. ነው፤ የስፖርት አስተማሪ ያለ ሰዓት እንዴት ይሆናል ብሎ። ሁለት ወር የቤት ኪራይ አሳልፈን የቤቱ ባለቤት ሊያስወጡን ነበር። ለልጆቹ ይህን እንዴት ይንገራቸው? ንጉሡን አመጣላቸው።» ይህን ብለው ሳቁ፤ ከዚያ የሰዓቷን መስታወት በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉ።

እንዲህ ያለች ሰዓት በገበያ ጥቂት መቶ ዶላር ብታወጣ ነው፤ ለትኬቱ ግማሽም አይሞላ። ልጆቹ ትኬቱን አዋጥተው ገዙ። ሰዓቷ ታናሽቱ ዘንድ ናት።

እርስዎም ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ፣ ሰዓት ሠሪው ሲከፍተው የማሽኑንና የክዳኑን ውስጥ ፎቶ ያንሱ። ሎንዥን ዓይነት ድርጅቶች በማሽኑ ላይ ባለው ተከታታይ ቁጥር መዝገባቸውን አይተው ሰዓቱ መቼና ለየት አገር እንደተላከ ይነግራሉ፤ ብዙዎቹ ትናንሽ ስሞች ግን መዝገባቸው ከእነሱ ጋር ጠፍቷል። እድሳት ሲያዝዙ ፊቱን እንዳይቀባ፣ አካሉን እንዳያፋፍቅ አስቀድመው ይንገሩት፤ የሚቀይረውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በትንሽ ከረጢት ይመልስልዎት። ፎቶውንም ወደ ሰዓት ገበያ ከመላክዎ በፊት ለቤቱ ትልቅ ሰው ያሳዩ፤ ሲያወሩም ስልክዎን ቅጂ ላይ ያድርጉት።