የስፖርት ትጋት ሕመም የሚሆነው መቼ ነው?



አንዲት ወጣት ሌሊት ተነስታ ስትሮጥ፣ ማታም ከጥናት በኋላ ክፍሏን ዘግታ ስትዘልና ስትንጠራራ ብናይ ብዙዎቻችን «ጎበዝ ናት፤ ጤናዋን ትጠብቃለች» ብለን እናመሰግናታለን። ስፖርት ለጤና እንደሚበጅ የሚክድ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚደርስ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይሁን እንጂ ማርም ሲበዛ ይመራል። ይህችው ትጉህ ልጅ ምግብ የምትሸሽ ከሆነ ምስጋናችን ሕመሟን ሊያባብስ ይችላል።

አኖሬክሲያ የሚባለው የአመጋገብ ሕመም ያለበት ሰው ክብደት እንዳይጨምር በመፍራት ራሱን በረሃብ ይቀጣል። ቡሊሚያ የያዘው ደግሞ ራሱን መግታት እስኪያቅተው ብዙ ከበላ በኋላ የበላውን «ለማጥፋት» ይጣደፋል፤ አንዱ ያስመልሳል፣ ሌላው እስኪዝል ድረስ ይሮጣል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የሕመሞች መለያ መጽሐፍም ከልክ ያለፈ ስፖርት ከእነዚህ የማካካሻ መንገዶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። በቂ ምግብ ያላገኘ ሰውነት በዚህ ላይ ጉልበቱን ሲያፈስ የልብ ምት ይቀንሳል፤ የሴቶች የወር አበባ ይቋረጣል፤ አጥንት ይሳሳል፣ ይሰነጠቃልም።

ታዲያ ጤናማውን ትጋት ከሕመሙ በምን እንለያለን? በሰዓት ብቻ አይሆንም። የእግር ኳስ ተጫዋች በቀን ሦስት ሰዓት ተለማምዶ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ አንዲት ሕመምተኛ ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ እየሮጠች በጭንቀት ታስራ ልትኖር ትችላለች። ልዩነቱ ያለው ሰውየው ስፖርቱን በሚያይበት አመለካከት ላይ ነው።

ይህን ለመመዘን ሎሪን ታራኒስ፣ ስቲቨን ቱዊዝና ካሮላይን ሜየር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ መጠይቅ አቅርበዋል። መጠይቁ 24 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ተጠያቂው ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። የሚመዝናቸው ነገሮችም አምስት ናቸው፦ ስፖርቱ ሲቀር የሚመጣ ጭንቀትና በሕመም ጊዜ እንኳ አለማረፍ፣ ክብደትን ለመቆጣጠር ብሎ መሥራት፣ ስሜትን ለማሻሻል መሥራት፣ በስፖርቱ አለመደሰት፣ እንዲሁም ከተያዘው ፕሮግራም ፈጽሞ አለመወላወል። ከስፖርት በኋላ ደስ የሚለው ሰው በዚህ ብቻ ታመመ አይባልም። አሳሳቢው አምስቱ ተደምረው የሚያሳዩት መልክ ነው። ከአምስቱ ዘርፎች የሚገኘው ከፍተኛ ድምር 25 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 15ን እንደ ማስጠንቀቂያ ወሰን አቅርቧል።

መጠይቁ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የአመጋገብ ሕመም ግን ቋንቋ አይመርጥም፤ ስፓኒሽ በሃያ ያህል አገሮች የሚነገር ቋንቋ ነውና በዚያ ቋንቋ የሚናገሩ ሕመምተኞችም በራሳቸው አንደበት መጠየቅ አለባቸው። ይህ መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ለምሳሌ በስፓኒሽ «ኩልፓ» የሚለው ቃል ጥፋትንም፣ ጥፋተኛ ነኝ የሚል ስሜትንም ይይዛል። በእኛም ቋንቋ ቢሆን «ስፖርት ሲቀርብኝ ቅር ይለኛል»፣ «ይከፋኛል» እና «ይጸጽተኛል» የሚሉት ሦስቱ አንድ አይደሉም። ቃሉ ትንሽ ሲዛባ ጤነኛው ታማሚ፣ ታማሚውም ጤነኛ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል።

ስለሆነም በባርሴሎና አጠገብ በሚገኘው በቤልቪጅ ሆስፒታል የሚሠሩ ባለሙያዎች ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን የስፓኒሹን ትርጉም ፈትኖ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትሟል። ጥያቄዎቹ ለሕሙማንም ለጤነኞችም ቀረቡ። እንዲህ ያለ ፍተሻ የሚመረምረው ሁለት ዐበይት ነገሮችን ነው፦ አንድ ዓይነት ሐሳብ የያዙ ጥያቄዎች በአዲሱም ቋንቋ አብረው ይሄዳሉን? ነጥቡስ ሕሙማኑን ከጤነኞቹ ይለያልን? እነዚህ ሳይመረመሩ የሚሰጥ ነጥብ በተዛባ ሚዛን እንደ መመዘን ነው።

መጠይቅ የሐኪምን ቦታ አይተካም። ሕመምተኛ ሊደብቅ ይችላል፤ «ደህና ነኝ» ማለትም የሕመሙ አንድ ጠባይ ነው። ስለዚህ ወላጆች ነጥብ ቆጣሪ እንዲሆኑ አንጠይቅም። ተመራማሪዎቹ ከሚያነሱት ሐሳብ ግን ሁለት ነገር ብንወስድ ይጠቅመናል። አንደኛ፣ «ስንት ሰዓት ሠራሽ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ቢቀርብሽ ምን ይሰማሽ ነበር?» ብለን በእርጋታ እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ታሞ ወይም እግሩ ተጎድቶ ሳለ የሚሮጠውን፣ እንግዳ በመጣ ዕለት እንኳ ፕሮግራሙን ማፍረስ የማይችለውን፣ አንድ ጉርሻ ጨመርኩ ብሎ ተጨማሪ የሚሮጠውን ልብ እንበል።

እነዚህ ምልክቶች ክብደት ከመቀነስ፣ ራስን ከመሳት ወይም ከወር አበባ መቋረጥ ጋር ከታዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ለነገ የሚባል አይደለም። እስከዚያው በቁጣ «ብላ!» ማለትም ሆነ በፍቅር «ወፈርሽ፣ ከሳሽ» ማለት አይጠቅምም። ልጁ ስለ ሰውነቱ ሳይሆን ስለ ጭንቀቱ የሚያወራው ሰው እንዲያገኝ እናድርግ።

እናንተም ወጣቶች ሆይ! አንድ ቀን ማረፍ ካስፈራችሁ፣ ፍርሃቱን ብቻችሁን አትሸከሙት፤ ለምታምኑት ሰው ንገሩ።