አንድ አልጋ ዙሪያ የሚቆሙ፣ አብረው ያልተማሩ

ሌሊት ነው። በጤና ጣቢያ የወለደች አንዲት እናት ደሟ አልቆም ብሎ በአምቡላንስ ሆስፒታል ደርሳለች እንበል። ከድንገተኛ ክፍሉ የሚቀበሏት ከተመረቀ ዓመት ያልሞላው ጠቅላላ ሐኪም፣ አሥር ዓመት ያገለገሉ ነርስ እና ተረኛዋ አዋላጅ ናቸው። ሦስቱም ሙያቸውን ያውቃሉ። በተማሪነት ዘመናቸው ግን እንዲህ ባለ አልጋ ዙሪያ ቆመው አብረው የተለማመዱበት ቀን የለም። የእናቲቱ ዕጣ ባለሙያዎቹ በሚያውቁት ብቻ ሳይሆን በሚቀጥሉት ጥቂት ደቂቃዎች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት መንገድም ይወሰናል።

የሕክምናና የነርስነት ተማሪዎች የድንገተኛ ሕክምናን በጋራ ይሠልጥኑ የሚለው ሐሳብ የሚነሳው ከዚህ ክፍተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2010 ባወጣው ማዕቀፍ የተለያዩ የጤና ሙያ ተማሪዎች አብረው፣ አንዱም ከሌላው እንዲማሩ መክሯል።

ክፍተቱ በተግባር ምን ይመስላል? ሐኪሙ በጭንቀት መካከል "ኦክሲቶሲን ስጧት" ይላል። ማን እንደታዘዘ አልተጠቀሰም። ነርሷ አዋላጇ የሰጠች፣ አዋላጇም ነርሷ የሰጡ ይመስላቸዋል። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ይሉኝታ ነው። ነርሷ የደም ግፊቱ እየወረደ መሆኑን ቀድመው ያያሉ፤ ሐኪሙን በሰው ፊት ማረም ግን ድፍረት ይመስላቸዋል። ወጣቱ ሐኪም በበኩሉ እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ያዩትን ነርስ "ምን ይመስልዎታል?" ብሎ መጠየቁ አላዋቂ የሚያሰኘው ይመስለዋል። ሁለቱም ዝም ይላሉ። በሌላ ቦታ መልካም ጠባይ የሚባለው ጨዋነት እዚህ ጊዜ ይበላል።

በጋራ ሥልጠና ተማሪዎቹ በአሻንጉሊት ሰው ወይም ሕመምተኛ ሆኖ በሚተኛ ባልደረባቸው ላይ ይለማመዳሉ። መሪው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይነገራል። ትእዛዝ በስም ይሰጣል፤ የታዘዘውም ደግሞ ይናገራል። "አልማዝ፣ ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ" ሲባል "10 ዩኒት በጡንቻ እሰጣለሁ"፣ ከዚያም "ሰጥቻለሁ" ይባላል። ለሰሚው የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን መጠን የሚሳሳተውና ትእዛዝ የሚጠፋው በዚህች ክፍተት ነው። ከልምምዱ በኋላ ሁሉም ተቀምጠው ማን ምን እንዳየ፣ ለምንስ እንዳልተናገረ ይወያያሉ። ብዙው ትምህርት የሚገኘውም ከዚህ ውይይት ነው።

በጋራ መማር ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ያሰማራ ነበር። ጅማም የተለያዩ የጤና ሙያ ተማሪዎችን በአንድነት ወደ ማኅበረሰቡ በመላክ ትታወቃለች። የነዚህ ሥልጠናዎች ዋና ትኩረት ግን ክትባት፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤት የመሰለው የበሽታ መከላከል ሥራ ነው። የቡድን ልማዱ ሕመምተኛው አልጋ ድረስ አልዘለቀም።

ውጤቱን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አብረው የሠለጠኑ ተማሪዎች አንዱ ለሌላው ያለው ግንዛቤና በጋራ የመሥራት ፈቃደኝነት እንደሚሻሻል በርካታ ጥናቶች ያሳያሉ፤ የሕመምተኞችን ሞት ስለመቀነሱ ያለው ማስረጃ ግን ገና ቀጭን ነው። ቅርብ የሆነው ምሳሌ በሥራ ላይ ካሉ ባለሙያዎች የተገኘ ነው። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ2023 የታተመ ጥናት የፈሰሰውን ደም በሚለካ ፕላስቲክ ቀድሞ ማወቅን፣ ከዚያም ማሕፀን ማሸትን፣ መድኃኒትን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽንና ምርመራን ሳያዘገዩ በአንድነት መስጠትን ፈትሿል። በምጥ ከወለዱ እናቶች መካከል ለከባድ የደም መፍሰስ፣ በዚሁ ሳቢያ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና ወይም ለሞት የተዳረጉት በተለመደው አሠራር 4 ነጥብ 3 በመቶ ነበሩ፤ በአዲሱ አሠራር 1 ነጥብ 6 በመቶ ሆኑ። ለውጡ የሥልጠና ብቻ አይደለም፤ መለኪያውም መድኃኒቱም ድርሻ አላቸው። ሆኖም እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ብቻውን የቆመ ሰው የለም።

ገበሬው ወይፈን ሲያሠለጥን ከለመደ በሬ ጋር ይጠምደዋል፤ ለየብቻ አስተምሮ በእርሻ ቀን አያገናኛቸውም። የጤና ትምህርት ቤቶች በተቃራኒው የሄዱት አላዋቂ ሆነው አይደለም። የሕክምና ትምህርት ከነርስነት በዓመታት ይረዝማል፤ የትምህርት ክፍሎቹ መርሐ ግብርም አይገጥምም። የመውጫ ፈተናውም ሆነ የሙያ ፈቃድ ፈተናው የሚለካው የአንድን ሰው ችሎታ በመሆኑ ተማሪው ጊዜውን ለሚፈተንበት ይሰጣል። መምህራኑም ራሳቸው ተለያይተው የተማሩ ናቸው።

ያም ሆኖ አዲስ ሕንፃ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። በማስተማሪያ ሆስፒታሎች የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎችና የነርስነት ተማሪዎች አሁንም በአንድ ክፍል ውስጥ ልምምድ ላይ ናቸው፤ የሚገመግሟቸው ግን የየራሳቸው መምህራን፣ በየራሳቸው ቅጽ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ለጋራ ልምምድ መመደብ፣ ከግምገማው ቅጽም ጥቂት ነጥብ ለቡድኑ ሥራ መተው በየትምህርት ክፍሉ ኃላፊዎች ስምምነት ሊጀመር የሚችል ነው።