የቤተሰብ አምድ፦ ከሙኑኪ የመጣ ጥያቄ



በጁባ ከተማ፣ ሙኑኪ በተባለው ሠፈር እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምትተዳደር አንዲት እኅታችን የላከችው ደብዳቤ ደርሶናል። ባለቤቷ ሃምሳ አለቃ ነው፤ በግዳጅ ላይ ሳለ እግሩ ተጎድቶ ታክሞ ከተነሣ በኋላ በክፍሉ ግምጃ ቤት ተመድቦ ይሠራል። «የጉዳት ጡረታውን ይዞ ይውጣና እዚህ ከእኔ ጋር ይሥራ፣ ወይስ በያዘው ሥራ ይቆይ?» ስትል ትጠይቃለች። ስሟ እንዲቆይላት ስለ ጠየቀችን አናወጣውም። የብዙ ባለትዳሮች ጥያቄ ስለ ሆነ ግን መልሱን በአምዱ ማውጣቱን መርጠናል።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። የጡረታ ገንዘብ ምጽዋት አይደለም። ከ1955ቱ አዋጅ ቁጥር 209 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በሕግ የተመሠረተ መብት ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 በደረሰበት የመጨረሻ ልክ ወታደሩ ከደመወዙ ከመቶ 7፣ መንግሥት ደግሞ ከመቶ 25 እንዲያዋጡ አድርጓል።

ይኸው አዋጅ በሥራ ላይ ጉዳት ለደረሰበት ሰው ሁለት መንገድ አስቀምጦ ነበር። ጉዳቱ ከሥራ ውጭ ያደረገው ሰው፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ወር በፊት በነበረው ወር ያገኝ ከነበረው መደበኛ ደመወዝ ከመቶ 47 በየወሩ የጉዳት ጡረታ አበል ይከፈለዋል። የመሥራት ችሎታውን ያላሳጣ፣ ነገር ግን ከመቶ 10 የማያንስ ጉዳት የደረሰበት ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ዳረጎት ይቀበላል።

ለሒሳቡ እንዲመች ደመወዙ 5,000 ብር ነበረ እንበል። ከመቶ 47ቱ 2,350 ብር ነው። ሙሉ በሙሉ ከሥራ ቢወጣ በየወሩ የሚያገኘው ይህን ነው። በሥራው ላይ ቢቆይና የሐኪሞች ቦርድ ጉዳቱን ከመቶ 30 ቢለው፣ 2,350 በ60 ወር ተባዝቶ 141,000፣ ከዚያም ከመቶ 30ው ሲወሰድ 42,300 ብር ይሆናል። ይህን አንድ ጊዜ ተቀብሎ የወር ደመወዙን ሳያቋርጥ ይበላል። ደመወዙ ቢያድግ አብሮ ያድጋል፤ ዳረጎቱ ግን የሚሰላው ያን ጊዜ ባገኘው ደመወዝ ነው።

እኅቴ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በይ። «ጡረታውን ይዞ ይውጣ» ያልሽው በፍላጎት የሚደረግ አይደለም። መሥራት አይችልም ብሎ የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ እንጂ ባለጉዳዩ አይደለም። ግምጃ ቤት ገብቶ ዕቃ እየቆጠረ ያለ ሰው በራሱ ማመልከቻ ቢለቅ፣ ያ የወር አበል አይከተለውም። ብዙዎች ቤት ለቤት በሚወራ ወሬ ተመርተው ማመልከቻ ካስገቡ በኋላ ነው የሚጸጸቱት።

የአበል ለውጥ ሥራ ያለውን አካል ጉዳተኛ እንዴት እንደሚነካ (በጥንቱ ጽሑፍ አካለ ስንኩል ይባል ነበር፤ ቃሉ መቅረቱ መልካም ነው) በእንግሊዝ አገር ታይቷል። በ2005 ዓ.ም. የቀድሞው የአካል ጉዳት አበል ቀስ በቀስ በሌላ መተካት ጀመረ። አበሉ ለሚሠራም ለማይሠራም የሚሰጥ ነው። ነገር ግን ለመንቀሳቀስ የሚከፈለው ከፍተኛው ክፍያ በቀድሞው 50 ሜትር ያህል መራመድ አለመቻልን መሠረት ያደርግ የነበረው፣ በአዲሱ ወደ 20 ሜትር ወረደ። ሠላሳ ሜትር መሄድ የሚችል ሰው ክፍያውን አጣ፤ በክፍያው የተከራየውን መኪናም መለሰ፤ በመኪናው ይሄድበት የነበረው ሥራ ራቀበት። በጦር ሜዳ ክፉኛ ለተጎዱት ግን እንደገና ሳይመረመሩ የሚከፈል የተለየ አበል ተደረገላቸው። ይህ ብልህ አሠራር ይመስለኛል።

ወደ ሙኑኪ እንመለስ። የጁባን ክረምት አንቺው ታውቂያለሽ፤ ጭቃው ለጤነኛ እግርም አይመችም። በደቡብ ሱዳን ሥራ ቢያገኝም የኢትዮጵያ ወታደር የጉዳት መብቱ ከአገሩ ፈንድ እንጂ ከሌላ አይመጣም። ባገር ቤት ሌላ ሥራ ቢሻ ግን የ2000ው አዋጅ ቁጥር 568 አለ፤ ለሥራው ብቁ የሆነ አካል ጉዳተኛ ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ሲያመጣ ቅድሚያ እንዲሰጠው ይደነግጋል።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ማመልከቻ እንዳያስገባ ነው። አስቀድሞ ለቦርድ ይቅረብ። የጉዳቱን ቀንና ቦታ የሚገልጽ የክፍሉን ደብዳቤ፣ ጉዳቱ ከደረሰበት በፊት የነበረውን ወር የደመወዝ ሠነድ፣ የሆስፒታሉን ወረቀት በእጁ ይያዝ። አዋጅ 714 በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ስለ ተተካ፣ የክፍሉ የሰው ኃይል ኃላፊ የእርሱን ጉዳይ በአዲሱ ሕግ አንቀጽ አስልቶ በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ። ቦርዱ የሚጽፈውን የመቶኛ ቁጥርም በዝምታ አይቀበል፤ ከላይ ባሰላነው ደመወዝ እያንዳንዷ አንድ ከመቶ 1,410 ብር ናት።