የማረቆ በርበሬና የጀማሪው ሸክም

በማረቆዋ ቆሼ በርበሬን አስፈጭቶና አሽጎ ለገበያ ለማቅረብ የተነሣ ወጣት የዓመት ጥሬ ዕቃውን በለቀማው ሰሞን፣ በእጅ በእጅ መግዛት ግድ ይሆንበታል። እርጥበት ቢያገኘው ሻጋታ ይበላዋል፤ ዋጋው ቢወድቅ ዕዳው የብቻው ነው።

በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ነጋዴውን ካፒታል በጅምላ ከ300,000፣ በችርቻሮ ከ200,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ያ ገደብ ከተነሣ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ጀማሪውን አንቆ የያዘው «ቤት አለህን?» የሚለው የዋስትና ጥያቄ ነው። እቁቡም (የሠርቶ አደሩ ባንክ ብንለው አናጋንንም) ዕጣው በለቀማ ሰሞን ላይወጣ ይችላል።

ሆኖም አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የእርሻ ምርትን ጨምሮ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። ስለሆነም በመጋዘን ተመዝኖ የተቀመጠ በርበሬ በመያዣነት እንዲቆጠር የቀበሌው ነዋሪዎችና ሠራተኞች ከመጪው ለቀማ አስቀድመው ባንኮችን በኅብረት ሊጠይቁ ይገባል እንላለን።